ስምንት ስክሪን፣ አንድ ሳጥን

ጂንካ ላይ ኮምፒውተር ቤት ከመክፈቴ በፊት አልጋ ነበር የማከራየው። አራት አልጋ ለስድስት ሹፌሮች በወር ሰጥቼ፣ ሁለቱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆኑ ሳንጣላ ዓመታት ኖረናል። ስለዚህ ከአርባ ምንጭ የመጣው ባለሙያ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ለስምንት ስክሪን እንዴት እንደሚከፋፈል ሲያስረዳኝ ብዙ አላደከምኩትም።

"ሳጥኑ አሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ አለው። እያንዳንዱን ስክሪን ግን አራት አራት ጊጋ አለህ እንለዋለን።"

"ስምንት ጊዜ አራት ሠላሳ ሁለት አይደለም እንዴ?"

"ጋሼ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሙሉውን አይፈልግም።"

"ገባኝ፤ ሹፌሮች ናቸው" አልኩት። እሱ አልገባውም።

ሥራው ጥሩ ሄደ። አንዱ ማመልከቻ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያያል፣ አንዱ ስክሪኑን ከፍቶ ወሬ ያወራል። ደንበኞቼ ስምንት ኮምፒውተር ያለኝ ይመስላቸው ነበር። እኔም አላረምኳቸውም።

ከዚያ የመንግሥት ሥራ ፈተና ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ። ያኔ በከተማው ሌላ ኮምፒውተር ቤት አልነበረም። በመጨረሻው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስምንቱም ወንበር ተያዘ፤ ስምንቱም ሰዎች የዲግሪያቸውን ቅጂ ባንድ ላይ መጫን ጀመሩ። ምዝገባው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሳጥኑ ጮኸ፤ ስክሪኖቹ በሙሉ ደረቁ።

"ኔትወርክ ነው" አልኩ።

ከስምንቱ አንዷ፣ ጎረቤቴ የሆነች አስተማሪ፣ ቀና አለች። "ኔትወርኩማ ይኸው አረንጓዴ እያበራ ነው። ምን በደለህ?"

ብከፍት ብዘጋ አልሆነም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሁለት ቀን መኪና ጠብቆ ሃና ከምትባለው ሩቅ ከተማ የመጣውን የጤና ባለሙያ አየሁትና እውነቱን አወጣሁ። "ስምንቱም አንድ ሳጥን ነው። ሰባታችሁ ካልተነሳችሁ ማንም አይመዘገብም።"

"አንተ ሰው፣ አንድ በሬ ለስምንት ስታከራይ ነው የኖርከው?" አለች አስተማሪዋ።

"በሬው ጎበዝ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ማን ይቅደም የሚለውን እሷው ፈረደች። "እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ የሩቅ ሰው ይቀድማል። መጀመሪያ ሃና፣ ከዚያ ካኮ፣ ከዚያ ገዘር። የከተማ ሰው ይቆይ።" ከሁሉም ቅርብ የእሷ ቤት ነው፤ አጥሯ ከአጥሬ ጋር ይገናኛል። ይህ ትዝ ሲላት ፊቷ ላይ አየሁት። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ሰባቱን ስክሪን ስዘጋ ሳጥኑ ነፍስ ዘራ። እንደገና እንዳይደርቅብኝ ፈርቼ ከአንድ በላይ አልከፈትኩም። የሃናው ሰው ስምንት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰባተኛው ሲነሳ ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እሷ ተቀመጠች፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም ጻፈች። ቅጂዋን ስትጭን ገጹ "ምዝገባው ተዘግቷል" አላት።

ወደ ሳጥኑ ዞራ "ባንድ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚችለው?" አለችኝ።

"አራት።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በማግስቱ አራቱን ስክሪን ነቀልኩ። ቦታ የለም ስል ባዶውን ወንበር እያዩ የሚሰድቡኝ አልጠፉም።