የጫማዬ ክር

የሰፈርንባት ጉብታ በጦር ካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ ግን በቆላ ከተማችን ስም «ሮቢት» እንላት ነበር። ስሙን ያወጣላት የአልዩ አምባው ልጅ አሥር አለቃ ሰይድ ነው። በደረስንበት ቀን የራስ ቁሩን አውልቆ ላቡን እየጠረገ፣ «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ተመልሰን እዚያው ቆላችን ልንገባ ኖሯል?» አለ። የሳቅነው የይፋትን ሙቀት የምናውቅ ጥቂቶች ብቻ ነበርን።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሰላም ለማስከበር ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ዘምተን ነበር። እኔ የጋንታው ምክትል አዛዥ ነበርኩ፤ ማዕረጌም ሃምሳ አለቃ። ከዚያ ከተመለስኩ ጀምሮ ስለ ዘመቻው ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ክረምት ግን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታሪክ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ፣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እስረኛ አሠቃይተዋል የሚባለው እውነት ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ይላል። ዝም ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ያን ዕለት የነገርኳትን አሁን የምጽፈው ለእሷና ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ነው። ምሕረት ለመለመን አይደለም።

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፦ እህል የጫኑ መኪኖችን እስከ ድልድዩ አጅቡ። በሁለት መኪና ወጣን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ሸንበቆውን አልፎ ሊወጣ ሲል፣ ተኩስ ተከፈተብን። የፊተኛው መኪና ቆመ። ወርደን ቦዩ ውስጥ ተኛን። ምክትል አሥር አለቃ ደምሴ መትረየሱ ላይ እንዳለ ወደቀ። ወታደር ከማል እሱን ሊያወርድ ሲወጣ ተመታ። ወታደር ግርማ ሆዱ ላይ ቆሰለ። ተኩሱ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ሸንበቆውን ስናስስ፣ ጠመንጃው አልተኩስ ያለው አንድ ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ አገኘን። እጁን አነሣ። አልተኮስንበትም። ይህን የማነሣው ልመሰገንበት አይደለም፤ ደንቡ ነው።

ሙታኖቻችንን፣ ቁስለኛውንና እስረኛውን ይዘን አራት ሰዓት ላይ ጉብታዋ ደረስን። ሄሊኮፕተር ጠየቅን። ደመናው ካልተገፈፈ እስከ ነገ እንደማይመጣ ተነገረን። ያለን አንድ የሕክምና ባለሙያ ከግርማ አጠገብ ተቀመጠ። እስረኛውን፣ እጁ በፕላስቲክ ማሰሪያ እንደታሰረ፣ በአሸዋ ከረጢት በተከለለው ማቆያ አስቀመጥነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። ስንደርስ እፉኝት ከከረጢቶቹ ሥር እየወጣ ነበር። ሰይድ በአካፋ ቆረጠው። እስረኛው የተነደፈ ቁርጭምጭሚቱን በታሰሩት እጆቹ ይዟል።

የአባቴ ማሳ ከሮቢ ወንዝ ዳር ነበር። ማሾ በሚለቀምበት ወቅት ሠራተኛ ሲነደፍ አባቴ የሚያደርገውን በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከተነደፈው በላይ አጥብቆ ያስራል፣ በምላጭ ይበጣል፣ በአፉ መጥጦ ይተፋል። ከዚያም ማሰሪያውን በየጥቂቱ እያላላ መልሶ ያጠብቃል። አባቴ የያዛቸው ሰዎች ሲድኑ እንጂ ሲሞቱ አላየሁም። የሕክምና ባለሙያውም ግርማን ትቶ ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ አላመነታሁም። የጫማዬን ክር ፈትቼ እግሩን ከተነደፈበት በላይ አሰርኩት።

«ለደምሴ ገዳይ አፍህን ልትሰጠው ነው?» አለኝ ሰይድ።

«ያዘው።»

«ይዤዋለሁ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለህ ግን መርዙ በዚያ ይገባና ነገ አንተንም ጠቅልለን ነው የምንልክህ፣ ወላሂ።»

«ያዘው አልኩህ እኮ።»

ያን ጊዜ ከውጭ ለሚያየን ምን እንመስል እንደነበር አውቃለሁ። እጁ የታሰረ ሰው በጀርባው ተኝቷል። እንዲነክሰው ጨርቅ አፉ ውስጥ ተደርጓል። አንድ ወታደር ደረቱን ተጭኖታል፤ ሌላው ምላጭ ይዞ እግሩ ላይ ተደፍቷል። አብሮን ከዘመተ የሌላ አገር ጦር የመጣ ቃኚ ቡድን የገባው በዚያች ቅጽበት ነበር። ከመካከላቸው አንዱ መኮንን ፎቶ አነሣ። በእንግሊዝኛ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲል ሰማሁት። አፌ በደም የተሞላ ስለነበር ተፋሁ እንጂ አልመለስኩለትም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀም።

በእኛ ቆላ የተገደለ እባብ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ይቃጠላል። ሰይድም በልማዳችን ወስዶ ቆሻሻ ከምናቃጥልበት ጉድጓድ ጨመረው። በኋላ በፎቶው ምክንያት የመጡት መርማሪዎች እባቡን አሳዩን ሲሉን ያሳየናቸው አመድ ነበር። የጥርሱንም ምልክት ምላጬ አጥፍቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግርማ አረፈ። ሰይድ ከማልን አጥቦ ሊያሰግድበት ሄደ። እኔ ደምሴንና ግርማን ስገንዝ፣ ኪሳቸው ውስጥ የተገኘውን ስመዘግብ ቆየሁ። የግርማ ኪስ ውስጥ ያልተጨረሰ ደብዳቤ ነበረ፤ የሚጽፈው ማጀቴ ለሚኖሩት እናቱ ነበር። የማቆያው ዘብ የታዘዘው እስረኛው እንዳያመልጥ እንዲጠብቅ ብቻ ነው። ክሩ በየጥቂቱ መላላት እንዳለበት ለዘቡም ሆነ ለሕክምና ባለሙያው አልነገርኩም ነበር።

ትዝ ያለኝ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሮጥኩ። እግሩ አብጦ ጠቁሯል፤ ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ቆርጬ አወጣሁት። አየኝ ብቻ።

በማግስቱ ሄሊኮፕተሩ ሦስቱን አስከሬንና እስረኛውን አንድ ላይ ይዞ ሄደ። እስረኛው በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ከመሞቱ በፊት መርማሪዎቹ ቃሉን ተቀብለውታል። ማን አሰረህ፣ ማን ቆረጠህ ብለው ጠየቁት፤ እኔ መሆኔን ነገራቸው። እውነቱን ነው። እባብ ነድፎህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ምርመራውን የያዘው ሻምበል ክፉ ሰው አልነበረም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ አጠገቡ የተዘጋጀ ወረቀት አስቀመጠ።

«በንዴት ነው ብለህ ፈርም» አለኝ። «ጓዶችህ የሞቱበት ቀን ነው፤ ማንም ይረዳሃል። ማዕረግህ ይቀነሳል እንጂ ከሠራዊቱ አትወጣም።»

«በንዴት አልነበረም፣ ጌታዬ።»

«አልተናደድክም ነበር?»

«ተናድጄ ነበር።»

«ሰውየውን ትጠላው ነበር?»

«እጠላው ነበር።»

«እንግዲያው ምን ቀረህ?»

«የጠላሁትን ሰው መርዝ በአፌ መጥጫለሁ። ይህን ሥቃይ ነው ብዬ አልፈርምም።»

ሰይድ ቁርአን ይዞ መሰከረልኝ። የአገሩ ልጅ ስለሆነ ነው ተባለ። ሻምበሉ ብዕሩን ሦስት ጊዜ ወደ እኔ ገፋ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ስድስት ወር ታሰርኩ፤ ማዕረጌ ተገፎ ተሰናበትኩ። ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ ዕድሜዬን ከመጽሐፍ ጋር ጨረስኩ። ከተማው ከበስተኋላዬ የሚለውን እየሰማሁ አለፍኩ። ዛሬም ያ ወረቀት ቢቀርብልኝ አልፈርምም።

የሕክምና መጻሕፍትንም አንብቤአለሁ። የተነደፈን እግር አጥብቆ ማሰርና መብጣት ከሚያድነው የሚጎዳው እንደሚበልጥ ይናገራሉ። አባቴ ያዳናቸው የመሰሉኝም እንዲሁ ይድኑ የነበሩ ናቸው። ይህን አላውቅም ነበር፤ አለማወቄን እቀበላለሁ። አለማወቅ ግን የከሰሱኝ ወንጀል አይደለም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ዝም አሉ?»

«ከተናገርኩ የክሩን ነገር መተው አልችልም፤ ግማሹን መናገር ደግሞ አልፈለግሁም» አልኳት።

አባቴ ማሰሪያውን በየጥቂቱ ያላላ ነበር። እኔ አላላላሁም። ሦስት ሰዓት ያህል ሙታኖቼን ስገንዝ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ረሳሁ። ስለዚህ ነገር አንድም መርማሪ አልጠየቀኝም። በፎቶው ላይ አይታይማ።

የዚያን ቀን ሙታን በሻለቃችን መዝገብ ላይ ሦስት ናቸው፦ ደምሴ፣ ከማል፣ ግርማ። እኔ ስቆጥር አራት እላለሁ። የአራተኛው ስም ሙሳ ነው፤ ስሙን ያወቅሁት ከክሱ ወረቀት ላይ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልፈታው የቆየሁትም እኔ ነኝ። ሻምበሉ ይህን ጽፎ ቢሰጠኝ ኖሮ ብዕሩን አልመልስለትም ነበር።