በመርዶ ነጋሪው ቤት ያልተነገረ መርዶ

በቀዳማይ ወያነ ሰፈር መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንበብንም ቢሆን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ራሴ ነኝ የተማርሁት። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ እገባለሁ፤ ቃሉን መዝኜ እናገራለሁ። እንደ እኔ የሚነግር የለም። ይህን ስል አላፍርም።

የገዛ ልጄን መርዶ የነገርሁትም እኔው ነኝ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሴት ልጁን፣ የስምንት ዓመቷን የልጅ ልጄን፣ ግን እንደ ወጉ ጎረቤት ላክኋት። ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ኋላ «አባትሽ ሩቅ አገር ሥራ ይዟል» አልኋት፤ ምራቴንም አፏን እንድትዘጋ አዘዝኋት።

ዓመት ሳይሞላ ልጅቷን ሆዷን ያማት ጀመር። የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ አንብቤ የምጨርስ ሰው ነኝና ወስፋት ነው ብዬ ኪኒኑን ራሴ መረጥሁ። አልተሻላትም። እህል ተወች። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች፤ ተሸክሜ ጤና ጣቢያ አደረስኋት።

ሕፃናትን የምታየው ወጣት ጤና መኮንን ሚዛን ላይ አቆመቻትና ፊቷ ተለወጠ። በምርመራው ምንም አልተገኘም።

«መቼ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

«ጠዋት ጠዋት» አልሁ እኔ።

«እንቅልፍስ?»

«ደኅና ትተኛለች።»

«ኣቦይ፣ በሽተኛዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ልጅቷን አንዲት ነርስ ወደ አልጋ ስትወስዳት የአባቷን ነገር ለመኮንኗ በሹክሹክታ ነገርኋት። መኮንኗ የሚዛኑን ቁጥር መልሳ አየች። «እስከ ነገ ካልበላች ሆስፒታል ገብታ በአፍንጫዋ በቱቦ ነው የምትመገበው። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ላማክር» ብላ ስልኳን አንስታ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተች። የደወለችላት ሕፃናትን ለሚያክሙ ባለሙያዎች በስልክ ምክር የምትሰጥ የአእምሮ ሐኪም ነበረች፤ ድምፅዋ የትልቅ ሴት ነው። ሁሉንም ከሰማች በኋላ ንግግሯን ወደ እኔ አዞረች።

«አባባ፣ ስለ አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችዎ መቼ ነው?»

አሰብሁ። ከጠየቀችኝ ወራት አልፈዋል።

«አባቷን የረሳች ይመስልዎታል? እውነቱ ይነገራት።»

«መርዶ ስነግር አርባ ዓመቴ ነው!» አልሁ። «ሕፃን ይሰበራል!»

«የተሰበረችውን ነው ይዘው የመጡት» አለች መኮንኗ።

የስልኩ ድምፅ ግን ለስለስ አለ። «አርባ ዓመት ከነገሩማ ከእርስዎ የተሻለ የሚነግራት አናገኝም። ‹ሄደ› አይበሉ፤ ‹ሞተ› ይበሉ።» ለመኮንኗ ደግሞ፦ «መጀመሪያ ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያት። የምታክሚያት አንቺው ነሽ፤ እኔ ከኋላሽ አለሁ።»

ራሷን መጉዳት! ኮሪደር ላይ በሩን እያየሁ ቆምሁ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። መኮንኗ ወጥታ «እንደዚያ አላሰበችም፤ ይግቡ» ስትለኝ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አባትሽ ሞቷል። በጦርነቱ ሞቷል። አይመለስም።»

ዓይኗን አልነቀለችም። «ኣቦሓጎይ፣ እኔ ጎረቤት ሳለሁ ቤታችን ሰው የሞላው ለዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«እማዬ አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ሁላችሁም ያለ እኔ አለቀሳችሁ?»

በአርባ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። «አዎ፣ ያለ አንቺ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ።

ያኔ ጮኸች። ነርሷ ልታባብላት ስትሮጥ መኮንኗ በእጇ ከለከለቻት። ልጅቷ እስኪደክማት አለቀሰች፤ ማታም ቤት ገብታ ከውኃ በቀር አልቀመሰችም።

በማግስቱ ንጋት ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ወደ ገዛ ቤቴ ገባሁ። አጉረመረሙ፤ ለሕፃን ለቅሶ የት ይታወቃል አሉ። ከእናቷ ጎን አስቀመጥኋትና መርዶውን እንደ አዲስ ተናገርሁ፤ በዕድሜዬ ከተናገርሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ንፍሮ ሲዞር ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። ማንም እንዳያያት በሁሉም ላይ ዓይኔን አፈጠጥሁ። አንዲት ባቄላ ረጅም ጊዜ አኘከች፤ ዋጠች፤ ከዚያ ከእናቷ መዳፍ ሌላ አነሳች።