ለቲማቲሜ ያበጀሁት ዳራ

ይህን የምጽፈው እናቴ ስለ ቲማቲሜ የምትተርከው ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየፋፋ ስለ ሄደና እውነተኛው ቅጂ በጽሑፍ መቀመጥ ስላለበት ነው። ባለፈው እሑድ ትሉ እባብ አክሎ ነበር።

አባቴ ወደ ናዝሬት ተዛውሮ ከደጋ የወረድንበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ቀበሌው በየስብሰባው የጓሮ አትክልት እንድንተክል ይቀሰቅስ ነበር። እኔም ስለ እርሻ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ዶማ ግን ጨብጬ አላውቅም። እናቴን ለዶሮዎቿ ያሰበችውን ከኩሽናው ጀርባ ያለ ቦታ ለመንኋት።

«እሺ፣ ጓድ ባለሙያ» አለችኝ። «ካልያዘልህ ግን ዶሮዎቼ ይገባሉ። እነሱ ባያነቡም እንቁላል ይጥላሉ።»

ያን መሬት አጥብቄ ፈለግሁት። ከመጽሐፍ ሌላ የራሴ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

አባቴ ለሥራ ዓለም ጤና ከተማ ደርሶ ሲመለስ አርባ የቲማቲም ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ። መደቡን በሲባጎ ለክቼ በአራት ረድፍ ተከልሁ፤ ፀሐይ ሳትወጣም አጠጣሁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስድስቱ ከግንዳቸው ተቆርጠው ወድቀው አገኘሁ።

አጥር የምንጋራቸው እማማ፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ናቸው፤ ጓሯቸው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ከወዲያ ሆነው ተመለከቱኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ማንን ልትቀብር ነው?»

«ችግኞቼን ነው፣ እማማ። ምን እንደ ነካቸው አላወቅሁም።»

«ቆራጭ ትል ነው። መድኃኒቱ ዳራ ነው። ዙሪያቸውን ዳራ አድርግላቸው። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልሁ።

በአማርኛ ቃል የሚረታኝ የለም ብዬ አምን ስለ ነበር መጠየቁን ናቅሁት። ዳራ ጠርዝ፣ ዳርቻ ማለት መሆኑን በመዝገበ ቃላት አረጋገጥሁ። ከዚያም መደቡን ዙሪያውን ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ ቆፈርሁለት፤ በቦዩ አፋፍ ድንጋይ ደረደርሁ። ሳምንት ፈጀብኝ። በየጠዋቱ አምስት ስድስት ችግኝ ሲወድቅ ዳራው ስላላለቀ ነው እያልሁ ቁፋሮውን አጠነከርሁ። ትሉ ግን ከእኔ ይልቅ ቆራጥ ነበር።

የመጨረሻውን ድንጋይ ባስቀመጥሁ ዕለት እማማ ብቅ አሉ።

«ይኸ ሁሉ ካብ ምንድን ነው?»

«ዳራ ነዋ፣ እማማ! እንዳሉኝ አድርጌ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ዳራ በእኛ ቋንቋ እኮ አመድ ነው! አመድ! ትሉ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው፤ አንተ ከነምግቡ አጠርህለት!»

በዚህ መካከል እናቴ የከሰል አመዷን ልትደፋ መጣች። በየቀኑ የምትደፋው ከመደቤ ሁለት ክንድ ርቆ ነበር።

«እናቱ፣ ልጅሽ ለትል ግቢ ሠርቶ አስረከበ!» አሏት።

እናቴ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምን ማለትዎ ነው ብትል አፍህ ይደማ ነበር?»

አመዱን ከእጇ ተቀብዬ ነሰነስሁ፤ የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ።

«ሦስት ችግኝ መደብ አይባልም» ብላ ፈረደች። ሦስቱን ወደ ዘይት ጣሳ አዛወርሁ። ዶሮዎቹ በነጋታው ገብተው አፈሩን ጫሩ፤ ወፋፍራሙን ትል ሁሉ በአንድ ቀን ለቅመው ጨረሱ። ካቡም ነፋስ ስለሚከላከልላቸው ተመችቷቸዋል።

የጠፋው፦ ሠላሳ ሰባት ችግኝ፤ አንድ መደብ።