የአገር ጆሮ

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አገሬ አንኮበር፣ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየተንጠላጠለ ወጥቶ ደጃችን ላይ በሚተኛበት። ዕድሜዬን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ቃልኪዳን፣ እሷም አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤቴ ዝናብ ያበሰበሰውን የሱፍ ሹራቧን ሳታወልቅ ከሰሉ አጠገብ ኩርምት ብላ፣ የእርጥብ በግ ጸጉር ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ «እማማ፣ ስለ ብሔራዊ ምልክቶች ድርሰት ጻፉ ተብለናል፤ መግቢያው እንዴት ነው የሚጀመረው?» አለችኝ። ሽታው አንድ ቦታ ወስዶኝ ነበርና ቶሎ አልመለስኩላትም። አፌን ስከፍት እሷ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ተይው ተይው፣ አገኘሁት!» ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ብሔራዊ ምልክቶች የአንድ ሀገር ሕዝብ ማንነት፣ ታሪክና ክብር የሚገለጽባቸው መለያዎች ናቸው።»

ደሜ ፈላ። የተቆጣሁት ልጅቷን አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩን ነው። አውቀዋለሁ እኮ! በልጅነቴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ማንንም የማያሞቅ፣ ግን ሁሉም የሚገለብጠው። እኔን ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ዓረፍተ ነገር፣ ይኸው ሳያፍር ስልክ ውስጥ ገብቶ ከልጅ ልጄ ጋር ቤቴ ውስጥ እሳት ይሞቃል።

በእኛ ቀዬ፣ ያን ጊዜ፣ «ምልክት» የሚባለው የበግ ጆሮ ነበር። ግልገሉ ጠንከር ሲል አባቴ በጉልበቶቹ መሐል ያዝ ያደርገውና ጆሮውን በምላጭ ይቆርጥለታል፤ የእኛ ቤት ምልክት ቀኙ ጫፉ ቅርጥ፣ ግራው መሐሉ ስንጥቅ ነበር፤ የጎረቤቶቻችን ደግሞ ሁለቱም ጫፋቸው ቅርጥ። እያንዳንዱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው አቆራረጥ ነበረው፤ የሌላውን መውሰድ ነውር ነው። ሰው «በጌ ጠፋችብኝ» ብሎ ሲመጣ ጥቁር ናት ነጭ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ «ምልክትህ ምንድን ነው?» ነው የሚባለው። ጉም የወረደ ቀን የመንደሩ በግ ሁሉ ይደባለቅና ዐይን ዋጋ ያጣል፤ ያን ጊዜ ሴቱም ልጁም እየወጣን ጆሮ በእጃችን እየዳበስን እንለያለን። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ጠባሳው ጠርዙ ላይ ጠጠር ያለ ጆሮ ጣቴ ላይ ሲያርፍ «የእኛ ናት!» ብዬ እጮኻለሁ፤ አባቴም ከጉሙ ውስጥ፣ መልኩ ሳይታየኝ፣ «ጎሽ አስካለ! ጎሽ የኔ ልጅ!» ይለኛል። ቁጥብ ሰው ስለነበር ያቺን ጎሽ ለማግኘት ስል ጉም እንዲወርድ የጸለይኩባቸው ጠዋቶች አሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሌባ አንዲት እርጉዝ በጋችንን ነድቶ አልዩ አምባ ገበያ ወሰዳት። ቆላ ነው፤ ማን ያውቀናል ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። ሰይድ የሚባል፣ ደጋ ሲወጣ ከአባቴ በግ የሚገዛ ነጋዴ ግን ጆሮዋን ገና ሲያይ ሌባውን አንቆ፣ «ወላሂ ይህቺ የተክሌ ናት! ይህን ጆሮ አጥቼው ነው? አንተን ነው እንጂ የማላውቅህ!» ብሎ ገበያውን ሁሉ ሰበሰበበት። በጓን ራሱ እየነዳ ዳገቱን ወጥቶ አመጣልን። እኔ የዚያን ቀን ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ያቺ በግ አንደበት ሳይኖራት የማን እንደሆነች በሰው አገር መናገሯ እጅግ ሲደንቀኝ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ አስተማሪያችን «ስለ ብሔራዊ ምልክቶች ድርሰት ጻፉ» ሲለን በልጅ አእምሮዬ የመጣው ምን ሊሆን ይችላል? መግቢያውን ሰሌዳ ላይ ጻፈልን፤ እሱን የመሰለ በራሳችሁ ቃል ጻፉ አለን። በራሳችን ቃል ማለቱን አመንኩት። ባንዲራን አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ ብርዱ ጣታችንን እየነከሰ እየዘመርን የምንሰቅለው ነው። «ምልክት»ንም አውቃለሁ። ሁለቱን አገናኘኋቸውና እንዲህ ጻፍኩ፦

«ምልክት ማለት ጉም ሲወርድ በግ ከበግ የሚለይበት ነው። ምልክት የሌለውን በግ ያገኘው ሁሉ ይወስደዋል። ምልክት ያለው ግን ሩቅ አገር ቢሄድም የሚያውቀው ሰው ይመልሰዋል። አገርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ባንዲራ የአገር ጆሮ ነው።»

ዛሬም ሳነበው፣ በቃሌ ነው የማነበው፣ አንዲት ቃል አልቀይርም።

ያ ድርሰት ለእኔ ድርሰት ብቻ አልነበረም። ዘመዶቻችን፣ «ሴት ልጅ ስሟን መጻፍ ከቻለች ምን ቀራት? ቀልቧ ሳይበተን ዳሯት» እያሉ አባቴን ቀስፈው ይዘውት ነበር። አባቴ ደግሞ እሺም እምቢም ሳይል ከርሞ አንድ ማታ፣ «የወላጆች ቀን እሄዳለሁ። አስተማሪው በሰው ፊት ‹ይህቺ ልጅ ትቀጥል› ካለ ትቀጥላለች፤ ካላለ ቤቷ ትቀመጣለች» ብሎ ቆረጠ። የወላጆች ቀን ደግሞ ድርሰት የሚነበብበት ቀን ነው። እናቴ ቀሚሴን አጥባ ድንጋይ ላይ አሰጣችልኝ፤ ራሴን ቅቤ ቀባችኝ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወላጆች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። የሁለት ልጆች ድርሰት ተነበበ፤ ሁለቱም ሰሌዳውን ገልብጠው ነበር፤ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ አስተማሪው ፈገግ ብሎ፣ «አሁን ደግሞ ትንሽ እንሳቅ። አስካለ ተክሌ፣ ተነሽ!» አለ። «እንሳቅ» ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ግን ስሜ ተጠራ እኮ! ቀሚሴን አስተካክዬ ቆምኩ። አነበበው። ድምፁን እንደ እረኛ እየጎተተ ነው ያነበበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ባንዲራ… የአገር… ጆሮ ነው!» አለና ሕዝቡን አየ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ተረበኛ ነበር፣ «አያ ተክሌ! ከእንግዲህ ባንዲራ ሲሰቀል ጆሯችንን ይዘን እንቁም?» አለ። ከኋላ ያሉት ልጆች «ባኣኣ!» ብለው ጮኹ። አስተማሪው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ፊቱን አጨማደደ፦ «የአገር ክብር ከከብት ጆሮ ጋር! ደግሞም ባንዲራ አይባልም፣ ሰንደቅ ዓላማ ነው የሚባለው። ልጄ፣ ይህ መግቢያ አይደለም፤ መውጫ ነው!»

እንደገና ሳቁ። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? የሚስቁት ሁሉ በግ ነበራቸው! ከመካከላቸው ጉም ቀን ጆሮ ያልዳበሰ፣ «ምልክትህ ምንድን ነው?» ተብሎ ያልተጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እውነት መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን አስተማሪ ሲስቅ አለመሳቅ አለመማር ይመስላቸዋል። ያ ተረበኛ ጎረቤታችን ራሱ በዚያው ዓመት የጠፋ ሙክቱን በጆሮው አውቆ በሽማግሌ ፊት ምሎ ወስዶ ነበር። እሱም ሳቀ! እንዲያውም ከሁሉ አስበልጦ ሳቀ።

እኔ አባቴን ፈለግሁ። ምላጩን የያዘው፣ ከጉሙ ውስጥ «ጎሽ» የሚለኝ ሰው እሱ ነው፤ አሁን ተነሥቶ «ልጄ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። በርኖሱን እስከ ጆሮው ስቦ መሬት መሬቱን ያያል። ቆሜ ጠበቅሁት። ቀና አላለም። ከዚያ ተነሣና እጄን ሳይዝ ፊት ፊት መንገዱን ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት።

ቤት ስንገባ እናቴ ፊታችንን አይታ፣ «ምን ሆናችሁ? ምን ክፉ ነገር ጻፈች?» አለች።

«ክፉስ አልጻፈችም» አለ አባቴ። «አሳቀችብኝ።»

ወደ እኔ ዞረና፣ ሳይቆጣ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ «የበግ ነገር ከወደድሽ በጎቹ እቤት አሉልሽ» አለኝ። በቃ። የእኔ ትምህርት በዚህ አለቀ። አስተማሪው መውጫ ነው አላለም? ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ያወቅሁት ለቅሜ ነው። ሱቅ ስኳርና ጨው የሚጠቀለልበትን ወረቀት እየዘረጋሁ አነበብኩ፤ ጋዜጣው አጋማሹ ላይ ሲቀደድ የቀረውን ራሴ ፈጥሬ ጨረስኩት፤ አግብቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ አስፋልት ዳር አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ደንበኛ ሆኜ የበግ ጸጉር ፈትዬ ባገኘሁት ገንዘብ መጽሐፍ ገዛሁ። ሰው «አንቺ እኮ ራስሽን አስተምረሻል» ሲለኝ ለማመስገን ነው፤ እኔ ግን ባላስፈለገኝ ነበር እላለሁ በሆዴ። ራሴን ማስተማር የነበረብኝ ለምንድን ነው? ትምህርት ቤት እዚያው ኮረብታው ላይ ነበር፤ ደወሉ ከበረታችን ይሰማል። ስንት ጠዋት ነው በጎቹን እያወጣሁ ያንን ደወል የሰማሁት!

ለቃልኪዳን የእኔን መግቢያ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት የለበትም፤ «ውይ እማማ፣ ‹የአገር ጆሮ›! ደስ ሲል!» አለች። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰችና፣ «ግን ቲቸር ዜሮ ነው የምትሰጠኝ» ብላ ከስልኳ ገለበጠች። እውነቷን ነው፤ ትሰጣታለች። ስንት መንግሥት አልፎ ባንዲራው ላይ ያለው ምልክት ሲነሣና ሲለጠፍ አየሁ፤ ያ የሰሌዳው መግቢያ ብቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የበግ ጆሮ እንኳ ተለውጧል። ባለፈው አንኮበር ወርጄ የወንድሜን በጎች ሳይ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል፤ የቤታችን ምልክት ምን እንደነበረ ልጁን ጠየቅሁት፤ «ምን ምልክት?» አለኝ። ቅርጡንና ስንጥቁን ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጉም ቢወርድ በእጅ ዳብሶ «የእኛ ናት» የሚል የለም፤ ከጉሙ ውስጥ «ጎሽ» የሚልም የለም።

ስለ አባቴ ይህን ልጨምርና ላብቃ። እኔ ከተዳርኩ በኋላ ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ፣ ዘመዶቻችን ያንኑ ወሬ ይዘው መጡ። አባቴ ማንንም አስተማሪ አልጠየቀም፤ የወላጆች ቀንም አልሄደም። በግ እየሸጠ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራየላት፤ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ስንቋን በአህያ ጭኖ እየወጣ አመላለሰላት። በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ያርፋል። አህያውን ደጃፌ ያስርና፣ ውሃ ይጠጣና፣ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ይለኛል፤ ደኅና ናቸው እለዋለሁ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እሷ ይሄዳል።