ሁለቱ ጡቦች

የሥራ ባልደረባዬን የአጥንት ክፍሉ ሰው ሁሉ «ቀስታ» ብሎ ነበር የሚጠራው። በሽተኛ ሲያነሣ «ቀስታ»፣ ፋሻ ሲጠቀልል «ቀስታ» ስለሚል ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ጫኝ ነበር፤ የገመድ አያያዙንም ከዚያው ይዞት መጣ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ድሬሰር፣ ማለት የቁስልና የስብራት አሳሪ፣ ለመሆን የስብራት አያያዝ መጽሐፉን ሽፋኑ እስኪገነጠል አንብቤዋለሁ። እንግዲህ ይህ ጫኝ በመጣ በሁለት ዓመቱ በሽተኞች እኔን አልፈው «ቀስታ የለም?» ሲሉ አንጀቴ እርር ይል ነበር።

ባለቤቴ ከደረጃ ወድቃ ጭኗ የተሰበረ ዕለት ሁለታችንም ተረኞች ነበርን። ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሳንቃ ታስራ፣ በተሽከርካሪ አልጋ ገባች። እኔ እጄን ታጥቤ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቀረብኩ።

«ቀስታ ይሥራልኝ» አለች።

«ለምን?»

«አንተ ስታስር የሚያባርርህ ያለ ይመስላል። የጫማህን ክር እንኳ ስታስር አይቼሃለሁ።»

አጠገባችን የቆመችው ሲስተር ሳቋን በበሽተኛዋ ካርድ ሸፈነች። እኔ ዞር ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ የሚዘጋበት ምክንያት አልነበረም።

ቀስታ ሲሠራ እንከን ስፈልግ ቆምኩ። እግሯን አጥቦ አደረቀ። በቁርጭምጭሚቷ አጥንቶች ዙሪያ ጥጥ ደለደለ። ረጅሙን ፕላስተር ከእግሯ ግራና ቀኝ አውርዶ፣ ከውስጥ እግሯ በታች ትንሽ እንጨት አስገባበት። ከዚያ ፋሻውን ከታች ወደ ላይ ጠቀለለና ከጉልበቷ በታች አቆመው፤ እዚያ ከጎን ባለችው አጥንት ላይ የሚያልፈው ነርቭ ከተጫኑት እግር ወደ ላይ መታጠፍ ያቅተዋል። ይህን እኔ በመጽሐፍ አግኝቼዋለሁ። እሱ ከየት አገኘው? ገመዱን ከእንጨቷ አስሮ፣ በአልጋው ግርጌ መዘውር አሳልፎ፣ የተሰበረውን አጥንት ስቦ እንዲያቃና ሦስት ኪሎ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠለ። በመጨረሻ በግርጌው ሁለት እግሮች ሥር አንድ አንድ ጡብ አኖረ። አልጋው ወደ ራስጌ ካላዘቀዘቀ ክብደቱ በሽተኛውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

«ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱልኝ፣ እትዬ።»

አንቀሳቀሰች። «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ» አለችው። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር እጄን መርቃ አታውቅም።

ቀዶ ሕክምናው ተራ ስለነበረው መጠበቅ ነበረባት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ተነጫነጨች።

«ተዘቅዝቄ መተኛት መረረኝ። ደሜ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።»

«ለቀስታ ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ትንሽ ይታገሡኝ አለኝ።»

ልቤ ደስ አለው። እሱ የነፈጋትን እኔ ልሰጣት ነው! አልጋውን በትከሻዬ ደግፌ ጡቦቹን አንድ በአንድ አወጣሁና ከቁም ሣጥኑ ሥር ገፋኋቸው።

«እፎይ! እግዜር ይስጥህ» አለች። እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የጡቦቹን ጥቅም ከነመጽሐፉ ገጽ ማወቄ ምን ረባ?

ጠዋት ስመጣ ባለቤቴ ወደ ግርጌ ተንሸራታለች። ከረጢቱ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ምንም አይጎትትም። እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል፤ አንሶላዋን ነክሳለች። ያኔ የመጣልኝን ሐሳብ ሳልሸሽግ ልጻፈው፤ «ቀስታ ዛሬ ተያዘ» አልኩ። ጡቦቹ ትዝ አላሉኝም።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

«ዶክተሩ እየመጣ ነው። ያሰረው ሰው ይጠየቅ።»

ዶክተሩ ሲስተሯንና ቀስታን አስከትሎ ገባ። ከረጢቱን አየ።

«ይህን ያሰረ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀስታ። ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ተመለከተ። ሲሚንቶው ላይ ቀይ የጡብ ብናኝ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ የሚሄድ ቀይ ጭረት። ቀና ብሎ የነጭ ጋወኔን እጅጌ አየ፤ እኔም አየሁት፤ ክርኑ ድረስ ቀልቷል። ከትናንት ጀምሮ አልታጠበም።

«ማታ ሳልፈትሽ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለ።

«እንግዲያው የሰው እግር ሁለተኛ እንዳትነካ! ተመልሰህ መኪናህን ጫን።»

ቀስታ አንገቱን ደፋ። የልጆቹ እንጀራ በዚያ ቃል ላይ ነበር። ለሁለት ዓመት የተመኘሁት ነገር ከፊቴ ተቀምጧል፤ እጄን መዘርጋት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል። ባለቤቴ አንሶላውን ከአፏ አውጥታ ዓይኔን አየችው። እኔን ጠበቀችኝ።

«ጡቦቹን ያነሣኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ?» አለ ዶክተሩ። «መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ የሚሉት?»

ሦስት ወር ፋሻ እንዳጥፍ ተፈረደብኝ። ያን ሰዓት ግን ቀስታ ጡቦቹን ከቁም ሣጥኑ ሥር ስቦ አመጣና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ጋሼ፣ ተረከዛቸውን ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኩ። እሱ ገመዱን ሲያስተካክል እኔ እግሯን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ቀስታ» አለኝ። ለእኔ።

ባለቤቴ ተራዋ ደርሶ ዳነች። ቀስታ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። እሷ ዛሬም ሳታነክስ ደረጃ ትወጣለች፤ እላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ «እጁ ይባረክ» ትላለች። እኔ ከታች ሆኜ «አሜን» እላለሁ። ከልቤ ነው የምለው፤ ግን ቃሉ እስከ ዛሬ ቶሎ ከአፌ አይወጣልኝም።