የሞተው ኦቻላ የተቀጠረበት ቀን

የሞተ ሰው ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ወሰደብኝ። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ... ቆይ፣ ከጠዋቱ ልጀምር፤ ንዴቱ አስቸኩሎኝ ነው።

እኔ ኦጁሉ ነኝ፤ የቢሯችን ጥበቃና ተላላኪ። ባለፈው ወር የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ጨረስኩ ስላችሁ እንደ ሌላው ሰው አይደለም... አስተማሪያችን ሳል ሲይዛት ከቆመችበት ተቀብዬ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኦጁሉ ያላነበበው ማስታወቂያ ካለ፣ ገና አልተለጠፈም ማለት ነው።

ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሯችን ሁለት ኮምፒውተር አግኝቷል። አንዱ የኮምፒውተር ባለሙያው አበራ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የአቶ ጌታነህ ክፍል። በግድግዳው ቀዳዳ ሽቦ ያልፋል፤ አበራ ዘንድ ያለው የሠራተኞች ዝርዝር በሽቦው ሄዶ አቶ ጌታነህ ዘንድ ይታያል።

መዝገብ ቤት አንድ ክፍት ቦታ ወጥቷል። ማንበብና መጻፍ የሚችል የቢሮው ሠራተኛ ቅድሚያ ያገኛል ተባለ። ስድስት ዓመት በዝናብም በፀሐይም በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ያን ቦታ እፈልገዋለሁ።

ጠዋት አበራ የምስክር ወረቀቴን አይቶ ዝርዝሩን አስተካከለልኝ። «ና፣ ራስህ አንብበው» አለኝ። አነበብኩ። ኦጁሉ፣ ጥበቃ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት... ሁለተኛው እንኳ ለደስታ ነው።

ደረቴን ነፍቼ አቶ ጌታነህ ዘንድ ገባሁ። ሰውዬው ከደጋ ከመጡ ሁለት ወራቸው ነው፤ ከሰው ይልቅ የሚያውቁት ዝርዝሩን ነው። የመዝገብ ቤቱን ሥራ ስጠይቃቸው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ኦጁሉ፣ ጥበቃ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል።

«እንግዲህ አንብበኸዋል» አሉኝ። «እኔ ምን ልጨምርልህ?»

«አቶ ጌታነህ፣ የማይችል ሰው ይህን እንዴት ያነበዋል?»

«እኔ የማየው የተጻፈውን ነው።»

ደሜ ፈላ። አበራን ይዤው ልመጣ ሄድኩ። አበራ ራሱን አከከና ነገሩን አስረዳኝ። ዝርዝሩ፣ ሰው እንዳያበላሸው፣ ያለው በማይፋቅ ሲዲ ላይ ነው። የታረመው ነገር ሲዲው ላይ አይገባም፤ ከላዩ እንደ ስስ ወረቀት ይነጠፋል። እሱ ክፍል ሆነህ ስታይ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ሽቦው ግን የሚያጋራው የታችኛውን ብቻ ነው። ድርቡንም ጭምር የሚያጋራ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይላካል ተብሎ ነበር... አውሮፕላኑ ስንቴ መጣ፤ የሚወርደው ግን ስብሰባ የሚመራ ሰው ብቻ ነው።

«ስለዚህ እኔ እዚህ የተማርኩ፣ እዚያ መሃይም ነኝ?» አልኩት።

«ፕሮግራሙ እስኪመጣ... አዎ።»

ከክፍል ክፍል አስራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አበራ ሄዶ አቶ ጌታነህን መጥተው በዓይናቸው እንዲያዩ ለመናቸው። «ሽቦው የተዘረጋው እኔ እንዳልመላለስ አይደለም ወይ?» ብለው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጌታነህ ጠሩኝና አራት የታሸጉ ደብዳቤዎች ከማስረከቢያ ደብተሩ ጋር ሰጡኝ። ለማን ለማን እንደሆኑ እንኳ አልነገሩኝም። «መንገድ ላይ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ» አሉኝ።

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ሦስቱን ራሴ እያነበብኩ አደረስኩ። አራተኛውን ባሮ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ አየሁት... አቶ ኦቻላ ይላል። ፖስታው ላይ ከስሙ ሥር ደግሞ፣ ጉዳዩ፦ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ስለመመደብ።

ኦቻላ የጥበቃ ጓደኛዬ ነበር። የሚሽን ትምህርት ቤት ያስተማረው፣ ንባብ የሚችል ሰው። ባለፈው ክረምት ሞተ። አበራ ያኔውኑ ከዝርዝሩ ሰርዞታል... ግን መሰረዝም ማረም ነው፤ ድርቡ ላይ ቀርቷል። በሽቦው ማዶ ኦቻላ በሕይወት አለ። እንዲያውም ከእኔ ይሻላል።

ቤቱ ከማንጎው ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሚስቱ አየችኝና ከደጃፏ ተጣራች። «ኦጁሉ፣ ምን ይዘህልን መጣህ?»

ደብዳቤውን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። «ሰላም ልልሽ ብዬ ነው» አልኳት። የልጆቹን ደህንነት ጠየቅኩ፤ ውኃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ማንበብ የማይችለው ያለፈው ዓመት ኦጁሉ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ከቢሮ ለባልሽ የመጣ ነው» ብሎ በእጇ ያስቀምጥላት ነበር። እኔን ከሥራው መከልከላቸው ይቅር... ይህን ግን ይቅር የምለው አይደለም።

ተመልሼ ደብተሩን አቶ ጌታነህ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በተቀባይ ፊርማ ቦታ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። «ተቀባዩ ባለፈው ክረምት ስለሞተ ደብዳቤው ተመልሷል። አድራሽ ኦጁሉ።»

አነበቡት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው አዩ። «እዚህ አለ እኮ» አሉ።

«እዚያ ካለ እርስዎ ያድርሱለት» አልኳቸው።

ጽሑፉን እንደገና፣ ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ አነበቡት። አሁን ገባቸው ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው፣

«ለመሆኑ ይህን ማን ጻፈልህ?» አሉኝ።

ብዕሩን ከጠረጴዛቸው አንስቼ እዚያው ዓይናቸው ሥር ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሜ ጻፍኩት። ፊደሌ ከእሳቸው ያምራል፤ ይህን አበራም መስክሯል። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቅሬታ ካለህ በማመልከቻ አቅርብ ብለው ሸኙኝ።

ማመልከቻውን ይኸው እየጻፍኩ ነው። ሦስተኛ ገጽ ላይ ደርሻለሁ... አቶ ጌታነህ ስላልተነሡበት ወንበር ገና አልጀመርኩም።