እንደ ማጭድ ያሠራሁት ስለት

ወገቤ እንቢ ካለኝ ሦስት ዓመት ሆነው። ድሮ ማጭድ ይዞ ማጎንበስ ለእኔ ሥራም አይባል ነበር፤ ኋላ ግን አንዴ ካጎነበስኩ ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ መጣ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ሆቴል ግቢ አትክልተኛ ነበርኩ። የግቢው ሣር መሐሉ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዳሩ ነው። ሣር መንገድ ይወዳል፤ ዝም ካሉት በድንጋዩ ላይ እየተሳበ መተላለፊያውን ይውጠዋል።

የሆቴሉ ባለቤት በቤንዚን የሚሠራ የሣር ጠርዝ መቁረጫ ያመጣችልኝ ለዚህ ነው። ረጅም ዘንግ ነው። ከኋላው ትንሽ ሞተር፣ ከፊቱ ደግሞ እንደ ጎማ ቆሞ የሚሽከረከር ስለት አለው፤ በትከሻ ማንገቻ ይያዛል። ስለቱን ከላይ የሚሸፍን የብረት ጋሻም ነበረው።

ማሽኑ ወገቤን ተካልኝ። ቀና ብዬ እየሄድኩ ዳሩን አስተካክላለሁ። እኔም አልበደልኩትም። ቤንዚኑንና ዘይቱን በሃይላንድ እየለካሁ እቀላቅልለታለሁ፤ ሥራ ስጨርስ ፊልትሮውን አጥባለሁ፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ ጥላሸቱን እፍቃለሁ። የማስነሻ ገመዱ ሲበጠስ የድንኳን ገመድ ቀጠልኩበት። ካንዴላው ሲሞት ከሞተር ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ መሳዩን አገኘሁ። «አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰውዬ መካኒክ ሆነ» ብለው የወጥ ቤት ሴቶች ሲስቁብኝ፣ እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ ስለቱ አለቀ። ድንጋይና አፈር በልቶት የጣት ያህል ቀረ። ባለቤቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነጋዴ ናት እንጂ። በዕድሜ ልጄ ብትሆንም «እትዬ» እላታለሁ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ለእንቁጣጣሽ ሰው ፎቶ ሊነሳ ይመጣል። እስከዚያ ማሽኑ ካልተሠራ ዳሩን ዙሪያውን በሲሚንቶ አሳስረዋለሁ። እርስዎም ይገላገላሉ፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይረፉ።»

ለደግ ነው ያለችው። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ግድግዳ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ለእኔ ዕረፍት አልነበረም።

ያለቀውን ስለት ለናሙና ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ማርቆስ ላይ ያልጠየቅኩት ሱቅ የለም። አንዱ ወደ ሉማሜ ሰደደኝ፤ የሉማሜው ደግሞ መልሶ ወደ አማኑኤል ከተማ። አማኑኤል አንድ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡ ሙስሊም ሽማግሌ ስለቱን ተቀብለው አገላበጡትና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ምን ይቆርጣል?»

«ሣር።»

«ሣር? ማርቆስ ላይ በሬ አለቀ እንዴ?»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ለፎቶ ነው» አልኳቸው።

«አይ ጊዜ! እኛ ሣር አጥተን ከብት እንሸጣለን፣ እናንተ ሣር ትላጫላችሁ!» አሉና ስለቱን መለሱልኝ። «ይኼ ዕቃ አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ። ይስሙኝ ግን ወንድሜ፤ የሚያሠሩት ከሆነ ልኩን እንዳይለውጡ። የሠራው ሰው በምክንያት ነው የለካው።»

እሺ አልኩ። ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ አልሰማም።

በመጨረሻ ጉንደ ወይን ድረስ ሄጄ አንድ ባለእጅ አገኘሁ። ወጣት ነው፣ እጁ የተባረከ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጦ ሊሠራልኝ ተስማማ።

«አባባ፣ በናሙናው ልክ ላድርገው?»

«አዲስ ሳለ እስከዚህ ነበር» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። «አንተ ግን አንድ ጣት ጨምርበት። ማጭድ ሲረዝም ነው የሚያጭደው።»

«ውኃውስ?» ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጠንከሩን ማለቱ ነው።

«እንደ ማጭድ አጠጣው። ይጠንክር።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ማሽን ላይ ይገባል አላሉኝም? በጣም የጠነከረ ብረት ድንጋይ ሲያገኘው ይሰበራል፣ አባባ።»

«ልጄ፣ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አጭጃለሁ።»

መዶሻውን መልሶ አነሣ። በእኛ አገር ሽማግሌ የተናገረውን ልጅ አይመልስም። ምነው በመለሰው! ምነው «አይሆንም፣ ሌላ ይፈልጉ» ብሎ በቆጣኝ!

ሆቴል ደርሼ ስገጥመው፣ ያቺ የጨመርኳት ጣት ጋሻውን ነካች። ስለቱን በሞረድ ማሳጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ጋሻውን ማውለቅ ደግሞ ሁለት ቡሎን። ሁለቱን ቡሎን ፈታሁና ጋሻውን ዕቃ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። «ለበዓሉ ብቻ» አልኩ ለራሴ።

ሞተሩን ሳስነሳው ሣሩ ግራና ቀኝ ተፈናጠረ። ዓይኔ ጠገበ። ከበሩ ጀምሬ እስከ ወጥ ቤቱ አጠገብ ድረስ ዳሩ በገመድ የተለካ መሰለ።

ይኼኔ የነፍስ አባቴ በበሩ ገቡ። ከታናሽ ወንድሜ ያነሱ ናቸው፤ ቢሆንም «ልጄ» ይሉኛል፣ እኔም «አባ» እላቸዋለሁ። የፊታችን እሑድ የማኅበራችን ጽዋ በማን ቤት እንደሆነ ሊነግሩኝ ነው የመጡት። በእኛ ዘንድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ጠጋ ተብሎ «ያበርታህ» ይባላል። የሞተሩ ጩኸት ድምፃቸውን ቢውጠው ጊዜ ይበልጥ ተጠጉና መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሞተሩን ማጥፋት ነበረብኝ። ማጥፊያው አውራ ጣቴ ሥር ነው። ግን መስቀል ተዘርግቶልኝ፣ አባቴ ቆመው፣ እኔ ቁልፍ ስፈልግ? ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ አጎነበሰ። ከእነማሽኔ እጅ ነሣሁ። ማንገቻው ከትከሻዬ ተንሸራተተ፤ እሳቸውም መስቀሉን ወደ ከንፈሬ ለማድረስ ጎንበስ አሉ።

ጧ!

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ፉጨት ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ከጆሮዬ በላይ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሞተሩ ጠፋ። ቀና ስል አባ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸው ባዶ ነው። ጥምጣማቸው ከኋላቸው መሬት ላይ ወድቋል፣ ነጩ ጨርቅ ከላይ እንደ በግ ሆድ ተዘርግፎ። ከእሳቸው ባሻገር በወጥ ቤቱ የሣንቃ በር ላይ የስለቴ ግማሽ ተሰክቶ ቆሟል። ያን በር ዕቃ የምታጥበው ሴት የከፈተችው ከጧው በኋላ ነበር። ብረቱን በደረቷ ትክክል አየችው። ጮኸች።

እኔ አልጮህኩም። ተንበረከክሁ። የአባን ራስ በሁለት እጄ ይዤ ደም ፈለግሁ፤ ፀጉራቸውን እንደ ሕፃን ፈተሽኩ፤ አንገታቸውን፣ ጆሯቸውን። የለም። እንደገና ፈተሽኩ።

«ተወኝ እንግዲህ፣ ልጄ፣ ቅማል የለብኝም» አሉ። ከዚያ ጥምጣሙን አንስተው ጣታቸውን በቀዳዳው አስገቡ፤ ጣቱ በዚያኛው በኩል ወጣ። «ይኼን እኮ ለእንቁጣጣሽ ነበር ያጠብኩት።»

ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ እልልታው ቀለጠ። «ተአምር ነው! ባይሳለም፣ ባያጎነብሱ፣ ሁለቱም አልቀው ነበር!» ባለቤቷም ሮጣ መጥታ በሩን አየችና አማተበች። እኔ መሐል ቆሜ ዕቃ ቤት ያለውን ምስማር አስባለሁ። ማጎንበሳችን አትርፎናል፤ እውነት ነው። ብረቱን ከድንጋይ ያጋጨው ግን ያው የእኔ ማጎንበስ ነው። ብረቱንም ያጠነከርኩት እኔ፣ ያስረዘምኩት እኔ፣ ጋሻውን የሰቀልኩት እኔ። ይህን ደግሞ በግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰው ሲበተን ለአባ ነገርኳቸው። አንገታቸውን አቀርቅረው ሰሙኝ።

«ሰይጣን አሳሳተኝ ልትል ነው?»

«አይ አባ።»

«ጥሩ። ሰይጣን ቡሎን ሲፈታ አላየሁም። ስግደት እንዳላዝህ ወገብህ አይችል። ሂድና ለሴትዮዋ ንገራት። ንስሐህ እሱ ነው።»

ከዚያ የሚከብድ ቅጣት አላውቅም። ብነግራት ሲሚንቶው መጣ፤ እኔም ወደ ግድግዳዬ። ባልነግራት ተአምር የተሠራለት ሽማግሌ ተብዬ እኖራለሁ። ሁለት ቀን ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቷ ራሷ መጣች፣ ፊቷ በርቶ።

«ጋሼ፣ ማሽኑማ የተባረከ ነው! ሌላ ስለት ያሠሩለት፣ እኔ እከፍላለሁ። ለእንቁጣጣሽ ይድረስ።»

ትንሿ ልጇ ከኋላዋ በመተላለፊያው ላይ በአንድ እግሯ ትዘላለች፣ ልክ ስለቱ ድንጋዩን በላጠበት ቦታ። ዕቃ ቤት ገባሁ። ጋሻውን ከምስማሩ አውርጄ በእናትየዋ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ይህ ስለቱን የሚሸፍነው ነበር። ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ለማሳጠር ሰነፍኩ።»

ጋሻውን አየች፤ በሩን አየች፤ ልጇን አየች። ፊቷ ሲጠቁር ቆሜ አየሁት።

«ለምን ነገሩኝ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

ልጅቱን በአገጬ አመለከትኳት። እሷም ልጇን ጠርታ እጇን ያዘችና ወደ ውስጥ ገባች። ሲሚንቶ የሚያወርደው መኪና ከበዓሉ በኋላ እንደሚመጣ በማግሥቱ በሰው ላከችብኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የእንቁጣጣሹን ዳር በማጭድ ጨረስኩት፤ ጆንያ አንጥፌ በጎኔ እየተኛሁ፣ ክንድ በክንድ፣ አራት ቀን። አባ አንድ ቀን መጡ። ጥምጣማቸውን በነጭ ክር ሰፍተውታል። በግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«ልጄ! ማሽኑ ጠፍቷል?»

«ማሽን የለም፣ አባ! ማጭድ ነው!»

«አስቀምጠው እሱንም!»

አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ነው የቀረቡት።

ዳሩ አሁን ሲሚንቶ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሣር የማይሻገረው። እኔም ቤቴ ነኝ። አንዳንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ገብቼ በወጥ ቤቱ በር ያለውን ቀዳዳ በጣቴ እነካዋለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሳገኝ ዛሬም እጅ እነሣለሁ፤ ከእሱ በፊት ግን ቆም ብዬ እጄን አያለሁ። ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው የማጎነብሰው።